የወንድሜ 8,000 ብር ወይስ የሎጁ 5,000 ብር?

ደብዳቤው

ሰላም እትዬ። 24 ዓመቴ ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ዓመት አለፈኝ፤ መውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ሥራ ግን የለም። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ድባንቄ ሰፈር ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ጀርመን ያለው ታላቅ ወንድሜ ለእናታችን ከሚልከው ሌላ ለእኔ በየወሩ 8,000 ብር ይልክልኛል፣ «ሥራ እስክትይዢ» ብሎ።

አሁን ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ለካሸርነት ጠራኝ። ደመወዙ 5,000 ብር ነው። ስድስት ወር ሙከራ ነው፣ ኮንትራት ከዚያ በኋላ ነው፣ ዋስ አምጪ ብለውኛል። ባጃጅ ስለምቀያይር በቀን 60 ብር ይወጣብኛል። ወንድሜ ሲሰማ ተናደደ። እሱ ራሱ አሁን ሥራ የለውም፣ መንግሥት ነው የሚከፍለው። «እኔ የመጋዘን ሥራ ቀርቦልኝ ሳሰላው ከድጎማው ብዙም ስለማይበልጥ ትቼዋለሁ፤ አንቺ ዲግሪ ይዘሽ ለ5,000 ብር ተገትረሽ ልትውዪ ነው? የባንክ ሥራ እስኪወጣ ቁጭ በዪ» አለኝ። ሥራ ከጀመርኩ መላኩን የሚያቆም ይመስለኛል። እናቴ ደግሞ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ሂሳቡን ስሠራው ቁጭ በዪ ነው የሚለኝ። ልቤ ግን እሺ አላለም። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ፣ እንዳላንዛዛብሽ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ግቢ። ግን እነሱ ባሉት ሁኔታ አትግቢ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ማስረዳቱ ትንሽ ይረዝማልና ታገሺኝ።

አካውንታንት አይደለሽ? ከሂሳቡ እንጀምር። አንቺ ያወዳደርሽው 8,000ን ከ5,000 ጋር ነው። እኔ ደግሞ ከዚያም ይብሳል ባይ ነኝ፤ 5,000 ብር እኮ እጅሽ አይገባም። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የገቢ ግብር ከደመወዝሽ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፣ ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ ከ4,000 በላይ ያለችው አንድ ሺህ ደግሞ 20 በመቶ ይቆረጥባታል። 300 እና 200፤ ግብሩ 500 ብር ሆነ። ጡረታ 7 በመቶ፣ 350 ብር። የተጣራው 4,150 ብር ነው። ከዚያ ባጃጅ አለ። በወር 26 ቀን ብትገቢ 1,560 ብር። የሚተርፍሽ 2,590 ብር ነው። ምሳ እዚያው የማያበሉሽ ከሆነ እሱም ይቀንሳል። ቁጥሩ ይሄ ነው፣ ማሳመር አያስፈልገውም።

ስለዚህ ወንድምሽ «ለምን ትለፊያለሽ» ቢል ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ሠርተሽ 2,590፣ ቤት ተቀምጠሽ 8,000። ነገሩ በዚህ ብቻ የሚያልቅ ቢሆን እኔም ተቀመጪ እልሽ ነበር።

ግን 8,000ውን የመዘገብሽበት ቦታ ልክ አይደለም። ገቢ ብለሽ ነው የያዝሽው። ሥራ ከያዝኩ ይቀርብኛል ብለሽ ስለምትፈሪ ደግሞ፣ ባለመሥራትሽ የሚከፈልሽ ደመወዝ አድርገሽዋል። ወንድምሽ አሠሪሽ አይደለም። ውል የላችሁም። የሚልክልሽ እህቱ ስለሆንሽ ነው፣ የሚልከውም እስከቻለ ድረስ ነው። እስከ መቼ እንደሚችል ደግሞ አንቺም አታውቂ፣ እሱም አያውቅ።

እስቲ የእሱን ገንዘብ እንየው፣ ነገሩን ያምታታባችሁ እሱ ያለበት አገር ሕግ ነውና። ጀርመን ውስጥ ሥራ ለሌለው ሰው የሚከፈለው ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መድን ነው። ሲሠራና መዋጮ ሲከፍል የኖረ ሰው ሥራው ሲቋረጥ ያገኘዋል፤ ባለፉት 30 ወራት ውስጥ ቢያንስ 12 ወር የሠራ መሆን አለበት፣ ልጅ ከሌለው ከተጣራ ደመወዙ 60 በመቶ ይሰጡታል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አንድም ቀን ያልሠራ ልጅ እዚያም ቢሆን ይህን አያገኝም። ሁለተኛው የእኛ ሰዎች «ሶሻል» የሚሉት ነው፣ ሰው ጨርሶ እንዳይወድቅ የሚሰጥ መደጎሚያ። እ.ኤ.አ. በ2025 ለብቻው ለሚኖር ሰው በወር 563 ዩሮ ነበር፤ ልከኛ የቤት ኪራይና ማሞቂያ ከዚህ ውጭ ይከፈልለታል፣ የጤና መድኑም እንዲሁ። ከአነጋገሩ ወንድምሽ ያለው እዚህኛው ላይ ይመስለኛል።

እና ያቺን 563 ዩሮ አስቢያት። ምግቡ ከሷ ነው። ስልኩ፣ መብራቱ፣ ልብሱ ከሷ ነው። ለእናታችሁ የሚልከው ከሷ ነው። ያንቺም 8,000 ብር የሚነሳው ከሷው ላይ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ስለተለቀቀ ጥቂት ዩሮ እዚህ ሲደርስ ብዙ ብር ይሆናል፤ እዚያ ግን ያቺ ጥቂት ዩሮ የአንድ ሰው የሳምንት አስቤዛ ናት። የሚደጉምሽ ሰው ራሱ ተደጓሚ ነው ማለት ነው። ይህን የምለው እሱን ለማሳነስ አይደለም። ከዚያች ላይ ቆንጥሮ የሚልክ ወንድም ያለው ሰው ብዙ አይደለም፣ አመስግኚው።

ልዩነቱ ግን ይሄውልሽ። የእሱ ገንዘብ ሕግ አለው፣ ቢሮ አለው፣ ሲቆረጥበት በጽሑፍ አቤት ይላል። ግዴታም አለበት፤ ቀጠሮ ይጠሩታል፣ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ቀርቦለት ያለ በቂ ምክንያት ከመለሰ ይቀንሱበታል። የእሱ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀረው ያንቺ ነው፣ አንቺ ደግሞ ሄደሽ አቤት የምትዪበት መስኮት የለሽም። እኛ አገር ሥራ አጥ ነኝ ተብሎ በየወሩ የሚወሰድ አበል የለም። የከተማ ሴፍቲኔት አለ ትዪኝ ይሆናል፤ እሱ ለእጅግ ድሃ ቤተሰብ ነው፣ እዚያም አብዛኛው ሰው አካባቢ ሲያጸዳና ሲቆፍር ውሎ ነው የሚከፈለው።

ስለ እሱ ምርጫ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ሳልናገር አላልፍም። የመጋዘን ሥራ ቢያንስ በዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ነው የሚከፈለው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በሰዓት 12.82 ዩሮ ነበር። ደግሞ ሠርቶ ያገኘው ሁሉ ከድጎማው አይቀነስበትም፣ በወር የመጀመሪያው 100 ዩሮ አይነካም፣ ከዚያ በላይ ካለውም የተወሰነው ይቀርለታል። «ብዙም አይበልጥም» ያለው ለመጀመሪያው ወር ልክ ሊሆን ይችላል። ግን 12 ወር ከሠራ ያ መድን የሚባለው ይገባዋል፣ ለጡረታው ይቆጠርለታል፣ ነገ ዜግነት ልጠይቅ ቢል ደግሞ በመሠረቱ «ራስህን ትችላለህ ወይ» ነው የሚሉት። ቋንቋ እየተማረ ከሆነ ወይም አሞት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እሱን እሱ ያውቃል።

ያንቺም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። እዚያም ሆነ እዚህ፣ ሰው ተከራክሮ የሚያስከብረው ነገር ሁሉ መቆጠር የሚጀምረው ከተቀጠረበት ቀን ነው። ጡረታሽን ብታዪ፣ ካንቺ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ ከ5,000 ብር ላይ በወር 550 ብር ማለት ነው፣ ያ ብር በየትኛውም ሂሳብሽ ውስጥ አልገባም። 60 ዓመት ሲሞላ በየወሩ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይፈለጋል። በ24 ዓመት ይህን ማሰብ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። የዓመት ፈቃድም፣ የሕመም ፈቃድም፣ የወሊድ ፈቃድም እንዲሁ ነው፣ ያልተቀጠረ ሰው የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የልምድ ደብዳቤ አለ።

ማስታወቂያዎቹን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያቸዋለሽ። «0 ዓመት» የሚል ሲወጣ ቴሌግራሙ ይቀወጣል። ያንቺ ባች አለ፣ ካንቺ በፊት ተመርቆ ያልተቀጠረው አለ፣ ክረምት ላይ ደግሞ አዲሱ ይጨመራል። «2 ዓመት» የሚለው ላይ ሰልፉ አጭር ነው፣ አንቺ ግን አትሰለፊም። ቤት ሆነሽ ስትጠብቂ ያለፈው ዓመት የትም አልተጻፈልሽም፣ እዚያው 0 ላይ ነሽ፣ ያውም ከትናንት ይልቅ ብዙ ሰው ባለበት 0። ፒችትሪን፣ ያንን የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ከከፈትሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ባንክ ቤት ለፈተና ቢጠሩሽ የባንክ ማስታረቅ፣ የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከሩን፣ አሁን ቁጭ ብለሽ ትሠሪያለሽ? ካልሠራሽው እንደሚረሳ ታውቂያለሽ።

እንግዲህ የሎጁ ሥራ የሚጠቅምሽ ይህን ቆጠራ ካስጀመረልሽ ብቻ ነው። የምጠረጥራቸው እዚህ ላይ ነው።

ስድስት ወር ሙከራ ብሎ ነገር የለም። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሙከራ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት 6 ቀን ከሠራሽ አሥር ሳምንት መሆኑ ነው። ደግሞ ሙከራው ለእነሱ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ላንቺም ነው፤ በእነዚያ ቀናት ካልተመቸሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ጥለሽ መውጣት ትችያለሽ። ከዚያ በኋላ ለመልቀቅ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ።

«ኮንትራት በኋላ» የሚሉትም አያስኬድም። የጽሑፍ ውል ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመበት ወረቀት እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። ሥራ አስኪያጁን ግን በአዋጅ ቁጥር አታስፈራሪው፣ ገና ሳትገቢ ነገረኛ ነች ይልሻል። «ጋሼ፣ የሚዋሰኝ ሰው ወረቀት ሳያይ አልፈርምም ስላለ ቅጥሬን በጽሑፍ ብታደርጉልኝ» በዪው። ካንቺ ዋስ የሚጠይቅ ድርጅት እሱ ወረቀት አልሰጥም ሲል ማፈሩ አይቀርም። ካላፈረም መልስሽን አገኘሽ፣ ደህና ዋሉ ብለሽ ውጪ።

ወረቀት ወረቀት የምልሽ በከንቱ አይደለም። የማውቃት አንዲት ልጅ ምግብ ቤት ውስጥ በካሸርነት ገባች። ቀን ካሸር፣ ማታ አስተናጋጅ፣ ሰው ሲቀር ደግሞ ዕቃ አጣቢ ሆና ሁለት ዓመት ሠራች። ውል የለም። ጡረታም አይቆረጥም ነበር፣ እሷም ደመወዜ አልተነካም ብላ ደስ ብሏት ነበር። ስትለቅ የልምድ ደብዳቤ ጠየቀች፤ «በተለያየ ሥራ አገልግላናለች» የሚል ሁለት መስመር ጽፈው ሰጧት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንኳ አይልም። ባንክ ቤት ስትሄድ አሁንም 0 ዓመት ናት። እንዲህ ዓይነት ሥራ ከሆነ የወንድምሽን ብር እየበላሽ ቤት ብትቀመጪ ይሻልሻል። ከልቤ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሥራ መደብሽ ይጻፍ። «ካሸር» ብቻ ከሚሉ «ካሸርና ረዳት የሂሳብ ሠራተኛ» እንዲሉልሽ ጠይቂ። 5,000ውን 7,000 አድርጉት ብትያቸው እምቢ ይላሉ፤ ይሄኛው ምንም ስለማያስወጣቸው እሺ ሊሉሽ ይችላሉ። እሺ ካሉ ደግሞ ስሙን ብቻ ይዘሽ አትቅሪ፣ ሂሳብ ክፍሉ ጋ ግቢ፣ የወሩ ቫት ሲዘጋጅ አጠገባቸው ተቀመጪ፣ ፔቲ ካሹን፣ ለትንንሽ ወጪ የሚያዘውን ገንዘብ፣ ልያዝ በዪ፣ የባንክ ማስታረቂያውን ስጡኝ በዪ። ሎጅ ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው፤ ምግብ አለ፣ መጠጥ አለ፣ አልጋ አለ፣ ስቶር አለ፣ ጀልባ የሚያከራይም አይጠፋም፣ ሁሉም ሂሳቡ ለየብቻ ነው። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ገብተሽ አንድ ዓይነት ፎርም ስትሞዪ ከምትውዪ እዚህ ብዙ ታያለሽ።

አሁን ዋሱ። ማን ይዋስሻል? አጎትሽ ወይ ጎረቤት ደመወዝተኛ መሆናቸው አይቀርም፣ ስለዚህ የእነሱን ነገር በደንብ አስቢ። የዋስትናው ወረቀት ላይ እስከ ስንት ብር እንደሚዋሱ በቁጥር ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የገንዘብ ጣሪያው ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም፣ ግን ሰው ይህን ሳያውቅ ይፈርምና በኋላ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ይኖራል። ጉድለት ሲመጣም እንዴት እንደሚያዝ ከአሁኑ ጠይቂ። በሕጉ ከደመወዝሽ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ተደምሮ ከወር ደመወዝሽ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። ወር ሙሉ ሠርተሽ «ጉድለት አለብሽ» ተብለሽ ባዶ እጅሽን መሄድ የለም።

የካሸር ጉድለት ከየት እንደሚመጣ ደግሞ ልንገርሽ፣ ኮሌጅ አያስተምሩትም። አንዱ ርክክብ ነው። የማለዳዋ ካሸር ልጇን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ቸኩላ «ቆጥሬዋለሁ፣ ልክ ነው» ብላሽ ትሄዳለች። አንቺም አፍረሽ ትቀበያለሽ። ማታ ዜድ ሪፖርቱን፣ የካሽ ማሽኑን የቀኑን ሽያጭ ድምር፣ አውጥተሽ ስትቆጥሪ 900 ብር የለም። የማን ነው? ያንቺ ነው፣ ምክንያቱም ሳትቆጥሪ ተረክበሻል። አትፈሪ፣ እሷው ፊት ቁጠሪ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ትንሽ ታኮርፋለች፣ ያልፋል። ሌላው ሞባይል ነው። ቅዳሜ ሠርግ አለ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ይጮሃል፣ አስተናጋጁ እየሮጠ መጥቶ የእንግዳ ስልክ ያሳይሻል፤ «በቴሌብር ከፍለዋል፣ ዝጊላቸው»። ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም። ገንዘቡ መግባቱን በሎጁ ስልክ ወይም በሎጁ ሂሳብ ሳታዪ እንዳትዘጊ፣ እንግዳው ማንም ይሁን ማን።

ስለ ሎጁ ራሱ ደግሞ፣ ቢሮ ገብተሽ ከምትጠይቂ በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ ጠይቂ። ደመወዝ በስንት እንደሚወጣ፣ ያለፈው ወር ወጥቶ እንደሆነ፣ ካሸሮች ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚለቁ የሚያውቀው እሱ ነው። ከጸጥታው ችግር ወዲህ የጣና ዳር ቤቶች ፈረንጅ ቱሪስት እንደ ድሮው አያዩም፤ የሚያኖራቸው ስብሰባ፣ ሥልጠናና ሠርግ ነው። ስለዚህ ደመወዝ የሚያዘገይ ቤት አለ፣ የማያዘገይም አለ። ሰርቪስ ቻርጅ የሚያስከፍሉ ከሆነ ለሠራተኛው ይከፋፈል እንደሆነም አጣሪ፤ የሚከፋፈል ከሆነ ያቺ 2,590 ብር ላይ የምትጨመር ነገር አለች። እና የፈረቃውን ነገር። የማታ ፈረቃ ካለብሽ ማን ያደርስሻል? ባጃጅ ማታ እንደ ልብ አይገኝም፣ ከሐይቁ ዳር ድባንቄ ድረስ በእግርሽ የምትሄጂው መንገድ አይደለም። ሰርቪስ ካላቸው ጥሩ። ከሌላቸው የቀን ፈረቃ ብቻ ነው የምችለው በዪ፣ ይህን ከመፈረምሽ በፊት እንጂ ከፈረምሽ በኋላ ማንም አይሰማሽም።

አሁን ከባዱ ነገር፣ ወንድምሽ። ሥራ መግባትሽን አትደብቂው። ደብቀሽ 8,000ውንም 4,150ውንም እበላለሁ ያልሽ እንደሆነ፣ ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ናት፣ በሳምንቱ ይሰማል፣ የሚጎዳውም ብሩ ሳይሆን መተማመናችሁ ነው። ይልቅ በቁጥር አነጋግሪው፣ የእሱም ቋንቋ ቁጥር ነው። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ ድምፅ እልክለታለሁ፦ «ወንድምዓለም፣ ሥራውን ልጀምር ነው። ብሩ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አስልቼዋለሁ፣ ባጃጁ ሲወጣ 2,590 ነው የሚተርፈኝ። የምገባው ለብሩ አይደለም፣ ለልምድ ደብዳቤው ነው፣ ባንኮቹ ዓመት ነው የሚጠይቁኝ። እስከ ሙከራው ማለቂያ 3,000 ብቻ ላክልኝ፣ ለባጃጅና ለምሳ ይሆነኛል። ከዚያ በኋላ አትላክ። የቀረውን ለራስህ አድርገው።» «ለራስህ አድርገው» የምትለዋን እንዳትረሺያት። ምናልባት እሱ ያን መጋዘን እንደገና እንዲያስበው የምታደርገው እሷ ትሆናለች። ካልሆነችም ግድ የለም።

ጨርሶ ተቆጥቶ ወዲያው ቢያቆምስ? 2,590 ብር አለሽ፣ የምትኖሪውም እናትሽ ቤት ነው። ይከብዳል፣ ግን ይኖራል። ኪራይ የምትከፍዪ ብትሆኚ ወይም ከዚያች ብር ልጅ የምታሳድጊ ብትሆኚ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ ያኔ ብሩ ሳይቋረጥ የተሻለ የሚከፍል ፈልጊ ነበር የምልሽ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ሐሳባቸው ልክ ነው፣ ተረቱ ግን ትንሽ ከበደብኝ። የወንድም ብር የሰው ወርቅ አይደለም። ዓመት ሙሉ ያኖረሽ እሱ ነው። እሳቸውም ቢሆኑ ከዚያው የሚላክላቸው ናቸውና፣ አንቺን ብቻ በነገር ባይወጉሽ ጥሩ ነበር። ይህን ግን እኔ እንዳልኩ አትንገሪያቸው።

የባንኩን ነገር ተዪው አላልኩሽም። ሥራ ላይ ሆነሽ አመልክቺ። የእረፍት ቀንሽ ከሰኞ እስከ አርብ ባለው ውስጥ ቢሆን ይሻልሻል፣ ፈተናና ቃለ መጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ቀን ላይ ነው። ፈተና ሲገጥምሽ ፈረቃ የምትለዋወጪያት ጓደኛ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረሽ አበጂ። ዓመት ሞልቶሽ ምንም ካላስተማሩሽና ደመወዙም ንቅንቅ ካላለ ውጪ፣ አትዘግዪ። ስትወጪ ሕጉ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ይሰጥሽ ይላል፤ የሥራ መደብሽ፣ የገባሽበትና የወጣሽበት ቀን፣ ደመወዝሽ መጻፉን እዚያው ቢሮ ቆመሽ አንብቢ፣ ቤት ሄደሽ አይደለም።

ሎጁ ወረቀት አንሰጥም፣ ስድስት ወሩም ስድስት ወር ነው ካለ ደግሞ አትግቢ፣ ቁርጥ ያለ ነው። ግን ወደ ቤትም አትመለሺ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው የግብር ወቅት የሂሳብ ሥራ የሚሠሩ ትንንሽ ቢሮዎች እጅ ያጥራቸዋል፤ ክፍያው ከሎጁም ያንስ ይሆናል፣ ትምህርቱ ግን ሙሉ በሙሉ ያንቺ ሙያ ነው። ወቅቱ ሳይደርስ ሂጂና ሲቪሽን ስጪያቸው፣ በቴሌግራም አትላኪው፣ በእጅሽ ስጪ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ሰኞ ሎጁ ስትሄጂ ዲግሪሽን ይዘሽ ሂጂ፣ አሳዪያቸው፣ ኮፒውን ስጪያቸው። ኦሪጅናሉ እኛ ጋ ይቀመጥ ካሉሽ እሺ እንዳትዪ። ዋስ ከሰጠሻቸው ሌላ መያዣ አያስፈልጋቸውም፣ ባንኩ በድንገት ቢጠራሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱኑ ነው።